ከ19 ነጥብ እስከ 186፤ ስለ ፒስተንስ ቡድን የጠባይ መለዋወጥ ታሪክ

በሰሜን አሜሪካ ኤን ቢ ኤ እየተባለ የሚጠራውን ታላቁን የቅርጫት ኳስ ማኅበር ዜና መዋዕል በትዕግሥት የሚያገላብጥ ሰው አንድ እጅግ የሚያስደንቅ ነገር ያገኛል፤ ይኸውም በማኅበሩ ታሪክ ከሁሉ ያነሰ ነጥብ የተቈጠረበት ጨዋታና ከሁሉ የበዛ ነጥብ የተቈጠረበት ጨዋታ በአንድ ቡድን ስም ተመዝግበው መገኘታቸው ነው። ኖቬምበር 22 ቀን 1950 ዓ.ም.፣ ዘመኑን በአውሮፓውያን አቈጣጠር መጻፋችንን አንባቢ ይወቅልን፣ የፎርት ዌይን ፒስተንስ ቡድን የሚኒያፖሊስ ሌከርስን 19 ለ 18 አሸነፈ። ዲሴምበር 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከተማውን ለውጦ ስሙን ያልለወጠው ይኸው ቡድን ዴንቨር ነጌትስን 186 ለ 184 አሸነፈ። ከዚህም በኋላ ስድስት ዓመት ሳይሞላ ያ እንደ ጎርፍ ነጥብ ያፈስስ የነበረ ቡድን ነጥብ በመከልከል ብቻ እጅግ የተፈራ ሆኖ የሻምፒዮንነትን አክሊል ደፋ።

አንድ ቡድን ጠባዩን እንዴት እንደሚለውጥ፣ ስለ ምን እንደሚለውጥ፣ ለውጡም ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል ለመመርመር ከዚህ ቡድን ታሪክ የተሻለ መጽሐፍ አናገኝም። እኛም ይህን ታሪክ የመረጥነው የቡድኑን ድል ለማወደስ አይደለም፤ በሕግ ተገድዶ የመጣ ለውጥና በሰው ፈቃድ የመጣ ለውጥ ምን ያህል እንደሚራራቁ በግልጥ ስለሚያሳየን ነው እንጂ።

ጨዋታውን በ1891 ዓ.ም. መጨረሻ በማሳቹሴትስ አገር በስፕሪንግፊልድ ከተማ የፈጠረው መምህር ጄምስ ኔይስሚዝ ነው። ያስተምርበት የነበረው ቤትም የወንዶች ወጣቶች ክርስቲያናዊ ማኅበር፣ በአገራችን ወወክማ የምንለው፣ የማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ነበረ። መምህሩ በ13 አንቀጽ በደነገገው ሕግ ኳስ ይዞ መሮጥን ከለከለ፤ መግፋትንና መምታትን ከለከለ፤ ነገር ግን አንድ ቡድን ኳሱን በእጁ ካስገባ በኋላ ምን ያህል ጊዜ ሊያቈየው እንደሚችል አልወሰነም። በዚያ ዘመን በአንዲት አዳራሽ ለሚጫወቱ ተማሪዎች ይህ ጉድለት የሚታወቅ አልነበረም። የመግቢያ ዋጋ የሚከፍል ሕዝብ በመጣ ጊዜና መሸነፍ ኪሳራን የሚያስከትል በሆነ ጊዜ ግን በዚህች በተረሳች በር ብዙ ነገር ገባ።

የፒስተንስ ቡድን የተወለደው ከፋብሪካ ነው። ፍሬድ ዞልነር የሚባል ባለ ሀብት በኢንዲያና አገር በፎርት ዌይን ከተማ የሞተር ፒስተን የሚሠራ ፋብሪካ ነበረውና በ1941 ዓ.ም. በፋብሪካው ስም የሚጫወት ቡድን አቋቋመ። ቡድኑ በ1944ና በ1945 ዓ.ም. በዚያን ጊዜ በነበረው የብሔራዊ ሊግ ውድድር አሸናፊ ሆነ፤ ኋላም ወደ ታላቁ ማኅበር ገባ። በማኅበሩ ውስጥ ግን የሚኒያፖሊስ ቡድን ነበረ፤ በሚኒያፖሊስም ውስጥ ቁመቱ ከሁለት ሜትር ያለፈ፣ መነጽሩን ሳያወልቅ የሚጫወት፣ ከቅርጫቱ ሥር ከቆመ ማንም ሊያነቃንቀው የማይችል ጆርጅ ማይከን የተባለ ተጫዋች ነበረ። የፎርት ዌይን አሠልጣኝ ሙሬይ ሜንደንሆልም ይህን ሰው በጉልበት ማሸነፍ እንደማይቻል ባወቀ ጊዜ ተጫዋቾቹ ኳሱን ይዘው በሜዳው መካከል አካባቢ እንዲቆሙ፣ የማይከን ቡድን ሊቀማቸው ካልወጣ በቀር ወደ ቅርጫቱ እንዳይቸኵሉ አዘዘ። እነሱም ቆሙ። ተመልካቹ ጮኸ፣ ተቈጣ፣ አፏጨ፤ እነሱ ግን ቆሙ። በመጨረሻው የጨዋታ ክፍል ፎርት ዌይን ያገባው 3 ነጥብ ሲሆን ሚኒያፖሊስ ያገባው 1 ነጥብ ብቻ ነበረ። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሰከንድ ሲቀረው ላሪ ፋውስት የወረወረው ኳስ ገባና ድሉ የእንግዶቹ ሆነ። ከሌከርስ 18 ነጥብ 15ቱን ያገባው ማይከን ብቻውን ነው።

ስለዚህ ጨዋታ ብዙዎች እንደ ነውር ይናገራሉ። እኛ ግን አሠልጣኙን ለመንቀፍ አንቸኵልም፤ ሕጉ ያልከለከለውን አደረገ እንጂ ሕጉን አልተላለፈምና፤ ከእሱም የሚበልጠውን ኀይል በጥበብ ተቋቁሞ ባለጋራው ለረዥም ጊዜ ሳይሸነፍ በቆየበት በገዛ ሜዳው አሸንፎታል። ሆኖም ኳሱን ይዞ የሚቆም ቡድን ማጥቃትንም መከላከልንም ትቶ በሁለቱ መካከል በሌለ ስፍራ ይኖራል፤ ባለጋራውን የሚከላከለው በእጁና በእግሩ ሳይሆን በሰዓት ነው። ጨዋታውን የሚያይ ሕዝብ ይህን እንደማይታገሥ የማኅበሩ አለቆች ተረዱት። አስቀድመውም በ1951 ዓ.ም. እንደ ማይከን ያሉ ረዣዥሞች ከቅርጫቱ ሥር እንዳይሰፍሩ፣ አጥቂ ከሦስት ሰከንድ በላይ ሊቆይበት የማይፈቀድለትን ስፍራ ከ6 ጫማ ወደ 12 ጫማ አሰፉት።

ዋናው መድኀኒት የመጣው ግን ከሲራክዩስ ቡድን ባለቤት ከዳኒ ቢያሶኒ ነው። ይህ በኢጣልያ ተወልዶ በአሜሪካ ያደገ፣ የቦውሊንግ መጫወቻ ቤት የነበረው ሰው አቈጣጠሩን እንዲህ አደረገ፦ ሰው ደስ ብሎት የሚያየው ጨዋታ ሁለቱ ቡድኖች በአንድነት ወደ 120 ጊዜ ያህል ኳስ ወደ ቅርጫት የሚወረውሩበት ነው፤ ጨዋታው 48 ደቂቃ ነው፤ 48 ደቂቃም 2880 ሰከንድ ነው፤ ይህ ለ120 ሲካፈል 24 ይሆናል። ስለዚህ ኳስ የያዘ ቡድን በ24 ሰከንድ ውስጥ እንዲወረውር በ1954 ዓ.ም. ተደነገገ። በዚያው የውድድር ዘመን አንድ ቡድን በአንድ ጨዋታ በአማካይ የሚያገባው ነጥብ ከ79.5 ወደ 93.1 ከፍ አለ። ቆሞ መጠበቅ በአንዲት ሌሊት ከጨዋታው ተሻረ፤ ቡድኖች ሁሉ፣ የወደዱም ያልወደዱም፣ አጥቂዎች ለመሆን ተገደዱ።

የታሪክ አካሄድ ያስገርማል፤ በአዲሱ ሕግ የመጀመሪያ ዓመት ለመጨረሻው ግጥሚያ የደረሱት የሕጉ አባት የቢያሶኒ ቡድን ሲራክዩስና ሕጉ እንዲወጣ ምክንያት ከሆኑት አንዱ ፎርት ዌይን ነበሩ። ዞልነር በዚያ ዓመት ቡድኑን በአሠልጣኝነት የሰጠው ከዚያ በፊት ዳኛ ለነበረው ለቻርሊ ኤክማን ነው፤ ሰውየው ሕጉን እንደ ዳዊት የሚደግም ነበረና ምርጫው የተሳሳተ አልነበረም። ግጥሚያው እስከ ሰባተኛው ጨዋታ ደረሰ። ፎርት ዌይን በሁለተኛው ክፍል በ17 ነጥብ እየመራ ሳለ ሲራክዩስ ጥቂት በጥቂት ደረሰበትና 92 ለ 91 አሸነፈ። ኳሱን ይዞ መቆም የተፈቀደ ቢሆን ኖሮ የ17 ነጥብ ብልጫ ያለው ቡድን ምን ያደርግ እንደ ነበረ አንባቢ ራሱ ይፍረድ።

ቡድኑ በ1957 ዓ.ም. ወደ ዲትሮይት ተዛወረ፤ የፒስተን ስም የያዘ ቡድን የመኪና ፋብሪካዎች እናት ወደ ሆነች ከተማ መሄዱ የተገባ ነበረ። በዚያ የመጀመሪያ ዓመት ጆርጅ ያርድሊ በአንድ የውድድር ዘመን 2001 ነጥብ በማግባት 2000ን ያለፈ የመጀመሪያው ተጫዋች ሆነ። ከእሱም ቀጥሎ ኋላ የከተማይቱ ከንቲባ የሆነው ዴቭ ቢንግ መጣ፤ ቦብ ላኒየርም መጣ። ነገር ግን ከሃያ ዓመት በላይ የታዩት ታላላቅ ሰዎች እንጂ ታላቅ ቡድን አልነበረም። በ1980 ዓ.ም. በተፈጸመው ውድድር ከ82 ጨዋታ ያሸነፉት 16 ብቻ ነው።

የተሐድሶው ሥራ የጃክ ማክሎስኪ ነው። ይህ የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ በ1981 ዓ.ም. በአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ ከኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ አይዛያ ቶማስን መረጠ። ቶማስ በረዣዥሞች መካከል ሲታይ ሕፃን የሚመስል፣ ነገር ግን ኳስ በእጁ ከገባች ማን እንደሚቀማው የማይታወቅ የቺካጎ ልጅ ነበረ። ቀጥሎም ቪኒ ጆንሰንንና ቢል ላምቢርን በልውውጥ አመጣ፤ በ1983 ዓ.ም. ቸክ ዴሊን አሠልጣኝ አደረገ። የዴሊ የመጀመሪያ ቡድን ግን ጨርሶ አጥቂ ነበረ። በዴንቨር የተደረገውን ያን የ1983 ዓ.ም. ጨዋታ ስንመለከት መደበኛው ሰዓት 145 ለ 145 አለቀ፤ ሦስት ተጨማሪ ጊዜም ተጨመረ፤ ቶማስ 47፣ ጆን ሎንግ 41፣ ኬሊ ትሪፑካ 35 ነጥብ አገቡ፤ ከዴንቨር በኩል ደግሞ ኪኪ ቫንደዌይ 51፣ አሌክስ ኢንግሊሽ 47 አገቡ። ከረዥም ርቀት ለሚገባ ኳስ ሦስት ነጥብ የሚሰጠው ሕግ ከወጣ አራት ዓመት ሆኖት ሳለ በዚያ ሁሉ የነጥብ ዝናብ በዚህ መንገድ የገቡት ሁለት ኳሶች ብቻ መሆናቸውን ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባንም።

በዚያው የውድድር ዘመን ምርጥ ቡድኖች ብቻ በሚገናኙበት የማጣሪያ ውድድር ዲትሮይት ከኒው ዮርክ ጋር ተጋጠመ። በአምስተኛውና በወሳኙ ጨዋታ መጨረሻ ላይ ቶማስ ከሁለት ደቂቃ ባነሰ ጊዜ 16 ነጥብ አገባ፤ ይህን ያዩ ሁሉ እስከ ዛሬ ይተርኩታል። ዲትሮይት ግን በተጨማሪው ጊዜ ተሸነፈ። ነጥብ ማግባት የሚቻለውን ያህል ተደረገ፤ አልበቃም።

እነሆ የነገሩ ልብ እዚህ ላይ ነው። በ1954 ዓ.ም. የመጣውን ለውጥ ሕግ አዘዘው፤ ሁሉም በአንድ ቀን ታዘዙ። በዲትሮይት ከ1984 ዓ.ም. በኋላ የመጣውን ለውጥ ግን ያዘዘ ሕግ የለም። በማኅበሩ ውስጥ ነጥብ በብዛት ማግባት ክብርም ገንዘብም በሚያስገኝበት ወራት፣ ሎስ አንጀለስ በሩጫው፣ ቦስተንም በኳስ ቅብብሉ ሕዝብን ባስደነቁበት ዘመን፣ እነዚህ ሰዎች ነጥብ ከማግባት ይልቅ ነጥብ መከልከልን መረጡ። ምርጫውም በቃል ብቻ አልቀረም፤ በሰው ተፈጸመ። ጆ ዱማርስ በ1985 ዓ.ም. ተመረጠ፤ ጸጥተኛ፣ ቃሉ የተመጠነ፣ ባለጋራውን በእግሩ ፍጥነት እንጂ በእጁ የማይይዝ ተከላካይ። በዚያው ዓመት ግዙፉ ሪክ ማሆርን መጣ። በ1986 ዓ.ም. ጆን ሳሊና ዴኒስ ሮድማን ተመረጡ። ሮድማን ለነጥብ ግድ የማይሰጠው፣ ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው ሳይታክት የሚሮጥ፣ የባለጋራን ታላቅ ሰው ማስጨነቅ ደስታው የሆነ ተጫዋች ነበረ፤ በ1990ና በ1991 ዓ.ም. የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ተብሎ ተሸለመ።

የመከላከሉም ጥበብ እንደሚከተለው ነበረ። ዴሊ በመጀመሪያ የጨዋታውን ፍጥነት ቀነሰው፤ ባለጋራው በሚሮጥበት ሜዳ ላይ የሚከላከል ሰው ሁልጊዜ ዘግይቶ ይደርሳልና፣ ሩጫውን ያስቆመ ቡድን ግማሹን ሥራ ፈጽሟል። ቀጥሎም እያንዳንዱ ተከላካይ የሚጠብቀውን ሰው ብቻ ሳይሆን ጓደኛው ቢያልፍበት የሚሄድበትን ስፍራ እንዲያውቅ አስተማረ፤ ዱማርስ ቢታለፍ ሮድማን ይመጣል፤ የሮድማንን ስፍራ ሳሊ ይሸፍናል፤ ከቅርጫቱ ሥር ላምቢርና ማሆርን ይጠብቃሉ። በቺካጎው ማይክል ጆርዳን ላይ ግን የተለየ ሥርዐት ተሠራ፤ ሕዝቡም የጆርዳን ሕግ አለው። ከሜዳው ጠርዝ ወደ መካከል እንዲገፋ፣ በመካከልም ሁለተኛና ሦስተኛ ሰው እንዲቀበለው፣ ኳሱንም ለሌላ አሳልፎ እንዲሰጥ ይገደድ ነበረ። በዚህ ሥርዐት ዲትሮይት በ1988፣ በ1989ና በ1990 ዓ.ም. በተከታታይ የቺካጎን መንገድ ዘጋ።

ለውጡ ዋጋ አስከፍሏል፤ ከሁሉ የበለጠውንም የከፈለው ቶማስ ነው። በ1983 ዓ.ም. በተፈጸመው ውድድር በአንድ ጨዋታ በአማካይ 22.9 ነጥብ ያገባ የነበረው ሰው ቡድኑ ሻምፒዮን በሆነበት በ1989 ዓ.ም. ወደ 18.2 ወረደ። ጉልበቱ ገና አልደከመም፤ ዕድሜውም ሃያ ሰባትና ሃያ ስምንት ነበረ። ማሕሌቱን ብቻውን ሊቆምበት የሚችል ባለ መልካም ድምፅ መሪጌታ ለጓዶቹ ተራ ሰጥቶ ከግራና ከቀኝ ተቀባዮች ጋር እንደሚያዜም፣ እሱም ክብሩን አካፈለ። በአንድ ጨዋታ 40 ነጥብ የማግባት ችሎታ ያለው ሰው ሳያገባ ሊውል መፍቀዱን ከማናቸውም ክብረ ወሰን ይልቅ እናከብራለን።

መንገዱም ቀና አልነበረም። በ1987 ዓ.ም. ከቦስተን ጋር በተደረገው አምስተኛ ጨዋታ ዲትሮይት በአንድ ነጥብ እየመራ፣ ጥቂት ሰከንድ ሲቀር፣ ከጠርዝ ቶማስ የወረወረውን ኳስ ላሪ በርድ ነጥቆ ለዴኒስ ጆንሰን አቀበለውና 108 ለ 107 ተሸነፉ፤ በሰባተኛውም ጨዋታ ተሰናበቱ። በ1988 ዓ.ም. ቦስተንን አልፈው ለመጨረሻው ግጥሚያ ደረሱ፤ ቶማስ በስድስተኛው ጨዋታ ቁርጭምጭሚቱ ተወልቶ እያነከሰ በሦስተኛው ክፍል ብቻ 25 ነጥብ አገባ፤ ሆኖም በሰባተኛው ጨዋታ በሎስ አንጀለስ ሌከርስ ተሸነፉ። በፌብሩዋሪ 1989 ዓ.ም. ማክሎስኪ ነጥብ አግቢውን ኤድሪያን ዳንትሊን ሰጥቶ በምትኩ ማርክ አግዋየርን አመጣ። አግዋየርም በሌላ ቡድን ነጥብ አግቢ የነበረ ሲሆን ወደ ዲትሮይት ሲመጣ ከሮድማን ጋር የጨዋታ ሰዓቱን ሊካፈል ተቀበለ። በዚያ ዓመት ቡድኑ 63 ጨዋታ አሸነፈ፤ ሌከርስንም 4 ለ 0 አሸንፎ ሻምፒዮን ሆነ። በተከታዩ ዓመት ፖርትላንድን 4 ለ 1 በማሸነፍ ክብሩን ደገመው፤ በዚያ ዓመት ባለጋራዎቹ በአንድ ጨዋታ በአማካይ ያገቡበት ነጥብ ከ100 በታች ነበረ።

ስለዚህ ቡድን የምንናገረው ግን ሁሉ ውዳሴ ሊሆን አይችልም። ክፉዎቹ ልጆች የተባሉት በከንቱ አይደለም፤ ወደ ቅርጫቱ የሚዘልን ሰው በአየር ላይ እንዳለ መግፋት፣ በክርን መምታት፣ ማስፈራራት የመከላከላቸው አንድ ክፍል ነበረ። ስፍራን በማወቅና በመተጋገዝ የሚደረገው መከላከል ጥበብ ነው፤ ሰውን በማቍሰል የሚደረገው ግን ጥበብ አይባልም፤ ይህ ቡድን ሁለቱንም አንድ ላይ ይዞ ስለ ኖረ የሁለተኛው ነቀፋ የመጀመሪያውን ምስጋና ጋረደበት። በ1991 ዓ.ም. ቺካጎ 4 ለ 0 ባሸነፋቸው ጊዜ የመጨረሻው ጨዋታ ገና ጥቂት ሰከንድ እየቀረው ብዙዎቹ ተጫዋቾች የአሸናፊዎቹን እጅ ሳይጨብጡ ከሜዳ ወጡ። ይህን ባያደርጉት በወደድን ነበረ። ዱማርስ ግን አሸናፊዎቹን እጅ ነሥቶ ከሄዱት ጥቂቶች አንዱ ነው።

ይህ ዱማርስ በ2000 ዓ.ም. የቡድኑ የበላይ ኀላፊ ሆነ። በዚያ ዓመት ከቡድኑ የወጣው የዘመኑ ታላቅ ተጫዋች ግራንት ሂል ሲሆን በምትኩ ከተገኙት አንዱ በአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ ማንም ያልመረጠው ቤን ዋላስ ነበረ። ሰዎች ይህን ልውውጥ እንደ ኪሳራ ቈጠሩት። ዋላስ ግን ነጥብ ለማግባት ብዙ ሳይደክም በመከላከልና ከቅርጫት የተመለሰውን ኳስ በመያዝ ብቻ አራት ጊዜ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ተባለ። ቾንሲ ቢለፕስ፣ ሪቻርድ ሃሚልተንና ቴይሾን ፕሪንስ በ2002 ዓ.ም. መጡ፤ ላሪ ብራውን በ2003 ዓ.ም. አሠልጣኝ ሆነ፤ በፌብሩዋሪ 2004 ዓ.ም. ራሺድ ዋላስ ተጨመረ። ከዚያም በማርች በተከታታይ አምስት ባለጋራዎችን ከ70 ነጥብ በታች አስቀሩ። በመጨረሻው ግጥሚያ ሻኪል ኦኒል፣ ኮቢ ብራያንት፣ ካርል ማሎንና ጌሪ ፔይተን የተሰበሰቡበትን የሌከርስ ቡድን 4 ለ 1 አሸነፉ፤ በሦስተኛውም ጨዋታ 88 ለ 68 ረቱት።

በዚያው ክረምት ሕግ ተመልሶ መጣ። ነጥብ እጅግ በማነሱ የተጨነቁት የማኅበሩ አለቆች ተከላካይ ኳስ የያዘውን ሰው በእጁ እንዳይገታ የተደነገገው በጥብቅ እንዲፈጸም ዳኞችን አዘዙ። የፊኒክስ ቡድን በሩጫና በረዥም ርቀት ውርወራ በዚያ ዓመት 62 ጨዋታ አሸንፎ አዲስ ዘመን መግባቱን አሳየ። ዲትሮይት ግን ጠባዩን ሳይለውጥ በ2005 ዓ.ም. ከሳን አንቶኒዮ ጋር እስከ ሰባተኛው ጨዋታ ተጋደለ፤ ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ ብራውን ሄደ፤ ማጥቃትን በማስተማር የታወቀው ፍሊፕ ሳውንደርስ ተተካ። በሳውንደርስ የመጀመሪያ ዓመት ቡድኑ ነጥብ ማግባትን እንደገና ወደደና 64 ጨዋታ አሸነፈ፤ ይህም እስከዚያ ጊዜ ድረስ በቡድኑ ታሪክ ከፍተኛው ነበረ፤ አራት ተጫዋቾቹም ለከዋክብት ጨዋታ ተመረጡ። በማጣሪያው ግን ማያሚ በስድስት ጨዋታ አሰናበተው፤ በዚያው ክረምት ቤን ዋላስ ወደ ቺካጎ ሄደ። እኛ የብራውንን ቡድን ከሳውንደርስ ቡድን እናስበልጣለን፤ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ቢያሸንፍም ኳስ በማትገባባቸው ጨለማ ምሽቶች የሚይዘው ነገር አልነበረውምና። በ2007 ዓ.ም. የክሊቭላንዱ ሌብሮን ጄምስ በአንድ ጨዋታ 48 ነጥብ ሲያገባ፣ የቡድኑንም የመጨረሻ 25 ነጥብ ብቻውን ሲፈጽም፣ በጆርዳን መንገድ ላይ ይቆሙ እንደ ነበሩት ሁለተኛና ሦስተኛ ሰዎች ሆኖ የደረሰበት አልተገኘም። በኖቬምበር 2008 ዓ.ም. ቢለፕስ ተሰጥቶ በምትኩ ነጥብ አግቢው አለን አይቨርሰን መጣ፤ የ2004 ዓ.ም. ቡድንም በዚሁ ተፈጸመ።